ሲሚንቶ የማይስማማው ግድግዳ

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ የድሮ ቤት ልስን ሲረግፍና «በራሴ እጅ አድሰዋለሁ» ስንል መጀመሪያ የምንሮጠው ወዴት ነው? ሲሚንቶ ልንገዛ! ጠንካራ ነዋ! ታሪክ ግን «ቆይ» ይለናል።

ሲሚንቶ ገና ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» ብሎ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1824 እ.ኤ.አ. ነው። የጎንደር ግንቦች ያን ጊዜ ድሮ ቆመዋል፤ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. አገራችንን የያዙት ጣሊያኖች ሲጠግኗቸው ሲሚንቶና አርማታ ጨመሩባቸው። ከዓመታት በኋላ በዩኔስኮ እገዛ በተደረገው ጥገና ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተካ።

ለምን መሰላችሁ? ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዝናብ ሲመታው እርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በኖራው በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ይህን መተንፈሻ ይደፍናል። እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ልስኑ ያብጣል፣ ድንጋዩም ቀስ በቀስ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ግን አዲስ ይመስላል! ጉዱም እሱ ነው።

ስለዚህ ማንኪያ ከማንሳታችን በፊት ጣሪያና አሸንዳውን እንይ፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መለሰን ድካም ነው። ከዚያ የላላውን አራግፈን፣ በኖራ የተሠራውን በኖራ፣ በጭቃ የተሠራውን በጭቃ እንመልስ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር አይረሳ።

የፋሲል ግንብ እንኳ ሲሚንቶ አልስማማው ብሎ ወደ ኖራው ተመልሷል፤ የእኛማ ግድግዳ ምን ቤት ነው?