አመክሮና የጎዳና ዛፍ

አመክሮ የሚለው ቃል በገዳምም በፍርድ አደባባይም የታወቀ ቃል ነው። ምንኵስናን የሚሻ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት ውኃ እየቀዳ፥ እንጨት እየለቀመ፥ እህል እየፈጨ ጠባዩ ይመረመራል። በሕግም በኩል በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና መልካም ጠባይ ያሳየ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ገዳሙ ለሚፈትነው ሰው ሥራውን ራሱ ይሰጠዋል፤ ሕግ የፈታውን ሰው ግን ከወኅኒ ቤት በር ውጭ ሥራ ይዞ የሚጠብቀው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ለምሳሌም ያህል በአሜሪካ፥ በኮኔቲከት ግዛት፥ ኒው ሄቨን በተባለች ከተማ በአመክሮም ሆነ ፍርዳቸውን ጨርሰው የወጡ ሰዎች የጎዳና ዛፍ እየተከሉ ደመወዝ የሚያገኙበትን ሥራ ከነአመጣጡ እናቀርባለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአሁኑን የአመክሮ ሥርዓት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ካፒቴን አሌክሳንደር ማኮኖኪ የተባሉ የብሪታንያ ባሕር ኀይል መኰንን ናቸው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በፈረንሳዮች ተማርከው ከሁለት ዓመት በላይ ስለ ቈዩ እስራትን በወሬ ብቻ አላወቁትም። በ1837 በዚያን ጊዜ የቫን ዲመን ምድር ትባል ወደ ነበረችው ወደ ታስማንያ ደሴት የአገረ ገዢው ጸሓፊ ሆነው ሄዱ። በዚያም ከእንግሊዝ አገር በግዞት የተላኩት ወንጀለኞች ያሉበትን ሥቃይ አይተው ዘገባ ቢጽፉ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ዳሩ ግን በ1840 በኖርፎክ ደሴት የሚገኙትን እስረኞች እንዲያስተዳድሩ ተሾሙና ሐሳባቸውን የሚሞክሩበት ቦታ አገኙ። ሐሳባቸውም እስረኛ ነጻነቱን በቀን ቍጥር ሳይሆን በሥራው ይግዛ የሚል ነበር። በሠራው ሥራና ባሳየው ጠባይ ልክ ነጥብ ይያዝለታል፤ ነጥቡ በበዛ መጠን ማሰሪያው እየላላ ይሄዳል። ለእስረኞቹም የአትክልት ቦታ ቈርሰው ሰጡአቸው። ነገር ግን እስረኛ ያቀማጥላሉ የሚል ወቀሳ በዝቶባቸው በ1844 ከሥልጣናቸው ተነሡ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ቸግሮአት ከተማው ወደ ሌላ ስፍራ ሊዛወር እስከ መታሰብ በደረሰ ጊዜ ችግሩን ያቃለለላት ነጭ ባሕር ዛፍ፥ የትውልድ ስፍራው ይህችው ታስማንያና በአጠገብዋ ያለው የአውስትራልያ ደቡብ ምሥራቅ ክፍል ነው። እንግዲህ ባሕር ዛፉም የዘመናዊው አመክሮ ሐሳብም ከአንድ ሰፈር ተነሥተው ባሕር የተሻገሩ ናቸው ማለት ነው።

የካፒቴኑን ሐሳብ ወስደው በሰፊው የሠሩበት የአየርላንድ ወኅኒ ቤቶች የበላይ የነበሩት ሰር ዋልተር ክሮፍተን ናቸው። ከ1854 ጀምሮ ባቆሙት ሥርዓት እስረኛው በመጀመሪያ ለብቻው ይታሰራል፤ ቀጥሎ ከሌሎች ጋር የጕልበት ሥራ ይሠራል፤ ከመፈታቱ በፊት ደግሞ ሉስክ ወደ ተባለ ከደብሊን ብዙ ወደማይርቅ ገጠር ይላካል። በሉስክ ግንብ አልነበረም። እስረኞቹ በቈርቈሮ ቤት እያደሩ ረግረጉን መሬት ያጠነፍፉ፥ ያለሙም ነበር፤ ጠባቂዎቻቸውም ጥቂቶችና መሣሪያ ያልያዙ ነበሩ። ጄምስ ኦርጋን የተባሉ መምህር ለነዚህ እስረኞች ትምህርት ይሰጣሉ፤ በደብሊን ከአሠሪ ወደ አሠሪ እየዞሩም ሥራ ይፈልጉላቸዋል፤ ከተፈቱም በኋላ በየሥራ ቦታቸው ይጐበኙአቸዋል። በእኛ አስተያየት ሥርዓቱን ያቆመው ከሰር ዋልተር ደንብ ይልቅ የእኒህ መምህር እግር ነው።

ሐሳቡ በ1870 በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገው የወኅኒ ቤቶች ጉባኤ አማካይነት ወደ አሜሪካ ገባ። በ1876 በኒው ዮርክ ግዛት የተከፈተው የኤልማይራ ማረሚያ ቤት አንድ ሰው በአመክሮ ከመፈታቱ በፊት ሥራ እንዲገኝለት ያዝ ነበር። በ1942 አመክሮ በግዛቶቹ ሁሉ የሚሠራበት ሕግ ሆነ። ስለዚህ ደንቡ ከአየርላንድ ተሻገረ፤ የመምህር ኦርጋን እግር ግን ባሕሩን አልተሻገረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለአመክሮው ሥራ እንዲይዝ ይታዘዛል፤ አሠሪው ደግሞ «ተፈርዶብህ ያውቃልን?» ብሎ ይጠይቀዋል። እውነቱን ቢናገር ሥራውን ያጣል፤ ቢዋሽ ውሸቱ የታወቀ ዕለት ይባረራል። ሥራ ያጣም ሰው የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሲቸግረው የሚሄድበትን መንገድ መገመት አያዳግትም። በ2008 ብቻ ከአሜሪካ ወኅኒ ቤቶች የተፈቱት ሰዎች ከ600,000 በላይ ስለ ነበሩ ነገሩ የጥቂቶች ጕዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ኒው ሄቨን እንመለስ። ይህች ከተማ ከጥንት ጀምሮ የኤልም ከተማ እየተባለች ትጠራለች። ኤልም ቅርንጫፎቹን እንደ ጥላ የሚዘረጋ ታላቅ ዛፍ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፥ ኋላ ሴናተር የሆኑት ጄምስ ሂልሐውስ የከተማውን ሰዎች አስተባብረው ጎዳናዎቹን በዚህ ዛፍ አስተከሉ። እርሳቸውም እጀ ጠባባቸውን ሰብስበው አብረው ይቈፍሩ እንደ ነበረ ይተረካል። ነገር ግን በ1930 በኦሃዮ ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ከኤውሮፓ በመጣ ግንድ የገባው በጥንዚዛ የሚተላለፍ የኤልም በሽታ የአገሪቱን ጎዳናዎች አራቈታቸው። በመስከረም ወር 1938 የነፈሰው ታላቅ ዐውሎ ነፋስም ከኒው ሄቨን ዛፎች ብዙዎቹን ገነደሰ። የሴናተሩ ሥራ ክቡር ቢሆንም፥ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል አንድ በሽታ ሁሉን እንዲያጠፋ በር መክፈት መሆኑን የከተማው ሰዎች በኪሳራ ተማሩ። አሁን የሚተከሉት ብዙ ዓይነት ናቸው።

በዬል ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት ቤት ሥር ያለ አንድ ድርጅት ከ1991 ጀምሮ በከተማይቱ ሰፈሮች ከነዋሪዎች ጋር ሲሠራ ቈይቶ በ2007 ዛፍ ተከላን ለሥራ ፈላጊዎች መተዳደሪያ የሚያደርግ ፕሮግራም አቋቋመ። ጥቂት ዓመታትም ቈይቶ ኢመርጅ ከተባለው ከወኅኒ ቤት የወጡ ሰዎችን በደመወዝ ከሚያሠራ ማኅበር ጋር ተባበረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ነዋሪ በደጁ ዛፍ እንዲተከልለት ይጠይቃል፤ ዋጋ አይከፍልም፤ ነገር ግን ውኃ ሊያጠጣው ቃል ይገባል። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ተማሪና ከወኅኒ ቤት የወጡት ሠራተኞች አንድ ቡድን ሆነው አካፋና ዶማ ይዘው ይመጣሉ።

ለማያውቀው ሰው ዛፍ መትከል ጕድጓድ ቈፍሮ መቅበር ይመስለዋል። ጕድጓዱ ግን የሥሩን ዕቅፍ አፈር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ጥልቀቱ ግን ከዕቅፉ መብለጥ የለበትም። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ስፍራ ከተቀበረ ዛፉ ቀስ በቀስ ይታፈናል። ሥሩ የተጠቀለለበት ሽቦና ጆንያ ይቈረጣል፤ እርጥበት የሚይዘው የእንጨት ፍቅፋቂ በዙሪያው ይበተናል፥ ግንዱን ግን አይነካም። ከዓመታት እስራት በኋላ ይህን የሚማር ሰው አንድ ሙያ ይዞ ይወጣል። ሰዓት አክብሮ መምጣትና ከሌላው ጋር ተስማምቶ መሥራት ደግሞ የወደፊት አሠሪ አጥብቆ የሚጠይቃቸው ናቸው። አንድ ዓይነት ጥላ የሚፈልግ ነዋሪም የዛፉን ተካይ ከነስሙ ያውቀዋል፤ ይህ በእኛ ግምት ከደመወዙ የማያንስ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከወኅኒ የወጣ ሰው በጎዳና ላይ አካፋ ይዞ ሲያዩ የቀድሞው ግፍ ትዝ ይላቸዋል፤ ትዝ ቢላቸውም አይፈረድባቸውም። ከባርነት መሻር በኋላ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች እስረኞች ለባለሀብቶች ይከራዩ ነበር፤ በአላባማ ይህ የተወገደው በ1928 ነው። ከዚያም በሰንሰለት ታስረው መንገድ ሲጠርጉ ኖረዋል። ስለዚህ ልዩነቱ በአካፋው አይደለም። ደመወዝ አለን? ለመተውስ መብት አለን? ሥራው የሚያልቀውስ ወደ ሌላ ሥራ በማሸጋገር ነውን? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን የመሰለ መሸጋገሪያ ሥራ ይጠቅም እንደ ሆነ በኒው ዮርክ ከተማ ተመርምሮአል። በዚያ ለባለአመክሮዎች የጽዳትና የጥገና ሥራ እየሰጠ ደመወዙን በዕለቱ በሚከፍል ድርጅት፥ በ2004ና በ2005 የገቡ 977 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለዓመታት ተከታተሉአቸው። በመጀመሪያ ወራት ሥራ የያዙት በጣም በዙ፤ ይህ ብልጫ ግን ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ዳግመኛ ወደ ወኅኒ መመለስ ግን ቀነሰ፤ ይልቁንም ከተፈቱ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ሥራውን በጀመሩት ዘንድ ለውጡ ጐልቶ ታየ። ከዚህ የምንረዳው የቀኑን አስቸኳይነት ነው።

የዛፍ ተከላ ችግርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በኒው ሄቨን ዋናው የተከላ ጊዜ ጸደይና መጸው ስለ ሆነ፥ በጥር በረዶ የተፈታ ሰው ችግኝ እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልም፤ ማኅበሩም የጓሮ ጽዳትና የቤት ጥገና ሥራ ጨምሮ የያዘው በከንቱ አይደለም። በእኛ ከተሞች ተከላው በክረምት ነው፤ ችግኙ የሚደርቀው ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው በጋ ነው። የመስቀል ማግስት የተፈታ ባለአመክሮ ዶማ ባያስፈልገው እንኳ በርሜልና ባልዲ ያስፈልገዋል፤ ክረምቱ እስኪገባ ድረስም የዕለት ሥራ አያጣም።