በዶላር ልክ የከፈለችው ሜክሲኮ፣ በሩብል የከሰረችው ሩሲያ

የግምጃ ቤት ሰነድ መንግሥት ለጥቂት ወራት ገንዘብ የሚበደርበት ወረቀት ነው። ቀኑ ሲደርስ አዲስ ሰነድ ተሸጦ አሮጌው ይከፈላል። ገዢዎቹ የውጭ ባለሀብቶች ሲሆኑ ግን አንድ ጨረታ ላይ ቢቀሩ እንኳ ዕዳው ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ይዘውት የሚወጡትም ዶላር ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮና ሩሲያ በዚሁ መንገድ ወደቁ፤ አወዳደቃቸው ግን ለየቅል ነበር።

ሜክሲኮ ከ1978 ጀምሮ «ሴቴስ» የተባለ የፔሶ ሰነድ ትሸጥ ነበር። በኋላ «ቴሶቦኖስ» ተጨመረ፤ ክፍያው በፔሶ ቢሆንም መጠኑ የሚሰላው በዶላር ምንዛሬ ነው። ይህ ሰነድ እስከ 1994 ድረስ ብዙም ቦታ አልነበረውም። በዚያ ዓመት በቺያፓስ ግዛት አመፅ ተነሣ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ መጨመር ጀመረ፣ የገዢው ፓርቲ ዕጩ ሉዊስ ዶናልዶ ኮሎሲዮ በመጋቢት ወር ተገደሉ። ፔሶ ይወድቃል ብለው የፈሩ ባለሀብቶች ሴቴስን ሲሸሹ፣ መንግሥት በምትኩ ቴሶቦኖስ እየሰጠ አቆያቸው። ጊዜ ገዛ፤ የምንዛሬውን ሥጋት ግን ሙሉ በሙሉ ራሱ ተሸከመ። በዓመቱ መጨረሻ የቴሶቦኖስ ዕዳ 29 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲደርስ፣ የሜክሲኮ ማዕከላዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ክምችት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ወርዶ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን ፔሶ በ15 በመቶ ገደማ እንዲወርድ ተደረገ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ለገበያ ተለቀቀ።

የሩሲያ ሰነድ «ጌካኦ» በ1993 ለገበያ ሲቀርብ በሩብል ብቻ የሚከፈል ነበር። የውጭ ዜጎች በ1996 በገደብ ተፈቀደላቸው፤ ገደቡም እስከ 1998 መጀመሪያ ተነሣ። ከ1996ቱ ምርጫ በፊት የሰነዱ ዓመታዊ ትርፍ ከ100 በመቶ አልፎ ነበርና ብዙ ገዢ ሳበ። ባለሀብቶቹ ሩብልን ስላላመኑ ዶላር በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት እንዲሸጡላቸው ከሩሲያ ባንኮች ጋር ይዋዋሉ ነበር። ስለዚህ ሜክሲኮ ውስጥ መንግሥት የያዘውን ሥጋት እዚህ የያዙት ባንኮቹ ናቸው፤ አቅሙ ግን አልነበራቸውም።

የእስያ ቀውስና የነዳጅ ዋጋ መውረድ ገበያውን ሲያናጉት፣ በሐምሌ 1998 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና ሌሎች አበዳሪዎች 22.6 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ገበያው አልተረጋጋም። ነሐሴ 17 ቀን መንግሥት የሩብልን የምንዛሬ ወሰን አሰፋ፣ የጌካኦን ክፍያ አቆመ፣ ባንኮችም ለውጭ አበዳሪ የሚከፍሉትን ለ90 ቀን አገደ። የዶላር ውሎቹም አብረው ከሸፉ።

የሚገርመው ውጤቱ ነው። በዶላር ልክ የተበደረችው ሜክሲኮ የሰነዶቿን ዕዳ ከፈለች፤ ራሷ በምታትመው ገንዘብ የተበደረችው ሩሲያ ከለከለች። ሜክሲኮ በጎረቤቷ ዕድለኛ ነበረች፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ሲያመነታ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከምንዛሬ ማረጋጊያ ፈንድ 20 ቢሊዮን ዶላር መደቡላት፣ ጠቅላላው ዕርዳታም 50 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ። የአሜሪካን ብድር እስከ 1997 መጀመሪያ መልሳ ጨረሰች። ሩሲያ ሩብል አትማ ብትከፍል ኖሮ የታተመው ገንዘብ ወዲያው ዶላር ፍለጋ ይሮጥ ነበር። ሳትከፍልም ቀርታ ሩብል በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ሦስተኛ ዋጋውን አጣ፤ የዋጋ ንረቱም ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ስለዚህ ዕዳው በየትኛው ገንዘብ ተጻፈ ከሚለው ይልቅ፣ መውጫው በር ላይ ስንት ዶላር አለ የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

በ1999 የአርጀንቲናው ባለሥልጣን ፓብሎ ጊዶቲ አንድ አገር በአንድ ዓመት ውስጥ የሚደርስባትን የውጭ ዕዳ የሚሸፍን የውጭ ምንዛሬ ክምችት እንዲኖራት ሐሳብ አቀረቡ፤ የወቅቱ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር አላን ግሪንስፓንም ደገፉት። ማዕከላዊ ባንኮች እስከ ዛሬ ክምችታቸውን ከሚመዝኑባቸው መለኪያዎች አንዱ ይኸው ነው።