የወይዘሮ ቦቫሪ ዕዳ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል የእኛ ነው። ሆኖም ይህን መሰሉን አስተሳሰብ በአንቀጽ ከፋፍሎ፣ ቁጥር ሰጥቶና ማኅተም አሳርፎ ለመላው አገር ያወጀው የናፖሊዮን መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባች ሴት ለባሏ እንድትታዘዝ፣ ባሏ በመረጠው ቤት እንድትኖር፣ ያለ ፈቃዱ ንብረት እንዳትሸጥ፣ እንዳትገዛና በመያዣ እንዳትሰጥ ደነገገ። ሕጉ በወጣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በዚሁ ሕግ ሥር ኖራ ስለሞተች አንዲት ባለትዳር ጉስታቭ ፍሎቤር የጻፈው ልብ ወለድ ለአንባቢ ቀረበ። መጽሐፉ «ማዳም ቦቫሪ» ይባላል።

ስለ ኤማ ቦቫሪ ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም የሚበዛው ስለ አልጋዋ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ስለ ፊርማዋ ላወሳ እወዳለሁ። ኤማን ለሞት ያበቃት ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ዕዳ የወለደው ደግሞ የገዛ ጠባይዋና አገሯ ለባለትዳር ሴት ያወጣው ሕግ ተጋብተው ነው። ነገሩ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ወሬ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። የዚያ ሕግ አስተሳሰብ ከመቶ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የእናቶቻችንን ትዳር ይገዛ ነበርና።

የታሪኩ አጥንት አጭር ነው። ኤማ ሩዎ በኖርማንዲ ገጠር የአንድ ገበሬ ልጅ ናት። በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ፒያኖ ትጫወታለች፤ ልብ ወለድ ታነባለች። ማዕረጉ ከሐኪም ያነሰ ሻርል ቦቫሪ የተባለ የገጠር ጤና መኮንን አገባት። ሻርል ክፉ ሰው አይደለም። ይወዳታል፤ የልቧን ነገር ግን ሳይረዳ ኖረ። እሷም ከመሰልቸት ብዛት በመጀመሪያ ሮዶልፍ የተባለውን ባለመሬት፣ ቀጥሎም ሌዎን የተባለውን ወጣት የሕግ ጸሐፊ ወዳጅ አደረገች። በዚያው ልክ ከመንደሩ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ከሌሮ በዱቤ መጋረጃ፣ ልብስና ስጦታ ትገዛ ነበር። ዕዳው ተከምሮ የቤቷ ዕቃ በሐራጅ ሊሸጥ ሲል ከመድኃኒት ቤት አርሴኒክ አውጥታ ቃመች።

የፍርድ ቤቱ ክርክር

ልብ ወለዱ «ሬቩ ደ ፓሪ» በተባለው መጽሔት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 1856 በተከታታይ እንደ ወጣ፣ መንግሥት ደራሲውን የሕዝብን ሥነ ምግባርና ሃይማኖትን ነክቷል ብሎ ከሰሰው። ክርክሩ የተሰማው በጃንዋሪ 29 ቀን 1857 ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ኤርኔስት ፒናር በመጽሐፉ ውስጥ ይህችን ሴት በሥልጣን ቃል ሊኮንን የሚችል አንድም ሰው አለመኖሩን አምርሮ ተናገረ። ጠበቃው ዡል ሴናር ደግሞ፣ የሴትዮዋ አሟሟት ራሱ ከኃጢአት የሚያስደነግጥ ትምህርት ነው ብሎ ተከራከረ። በፌብሩዋሪ 7 ቀን ፍርድ ቤቱ ደራሲውን ገሥጾ በነፃ አሰናበተው። መጽሐፉም በዚያው ዓመት ታትሞ ወጣ።

ከዚህ ክርክር እኔን የሚያስገርመኝ ከሳሹና ተከላካዩ የተስማሙበት ነገር ነው። ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም የሕግ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ የመጽሐፉ ጥያቄ የአንዲት ሚስት ንጽሕና ነው በማለት ተስማምተዋል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል የሞላው ግን በሕግ ወረቀት ነው። የተስፋ ሰነድ፣ ውክልና፣ የፍርድ ትእዛዝና የንብረት ዝርዝር በየገጹ ይመላለሳሉ፤ የሕግ ሰዎቹ ክርክር በእነዚህ ወረቀቶች ላይ አላተኮረም። ፍሎቤር ግን አውቆ ነው የጻፋቸው። የቀራፂው የዣም ፕራዲዬ ሚስት ሉዊዝ ዕዳዋ እንዴት እንደተከመረና ትዳሯ እንዴት እንደፈረሰ የሚተርክ ጽሑፍ ከገዛ ወረቀቶቹ መካከል ይገኝ ነበር።

ሕጉ ራሱ ለሁለቱ ፆታዎች የነበረውን ሚዛንም ማስታወስ ያሻል። በ1810 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሠረት የዘሞተች ሚስት ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ትታሰራለች። ባል የሚጠየቀው ውሽማውን በትዳሩ ቤት ያኖረ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቅጣቱ ከ100 እስከ 2000 ፍራንክ የሚደርስ መቀጮ ነው። መፋታት ደግሞ በ1816 ተሽሮ እስከ 1884 አልተመለሰም። ስለዚህ ኤማ ከትዳሯ በሕግ የምትወጣበት በር አልነበራትም።

ሦስቱ ወይዘሮ ቦቫሪዎች

የመጽሐፉ ርእስ የኤማን የገዛ ስም አይዝም፤ የያዘው የባሏን ስም ነው። በዚያ ስም የሚጠሩ ሴቶች ደግሞ ሦስት ናቸው። ብዙ አንባቢ ሁለቱን ያልፋቸዋል። እኔ ግን ሦስቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት የመጽሐፉን ምሥጢር ይከፍታል እላለሁ።

የመጀመሪያዋ የሻርል እናት ናቸው። ለትዳር ይዘውት የመጡትን 60,000 ፍራንክ ባላቸው በልቶ ጨረሰው። እሳቸው ግን ዝም ብለው ጠበቃ ዘንድ ይሄዳሉ፣ ዳኛ ደጅ ይጠናሉ፣ የዕዳው ቀን መቼ እንደሚደርስ ያስታውሳሉ፣ ቀኑም እንዲራዘም ይለምናሉ። የቤቱ አስተዳዳሪ በተግባር እሳቸው ነበሩ፤ በሕግ ዓይን ግን ባለቤት አልነበሩም።

ሁለተኛዋ የሻርል የመጀመሪያ ሚስት ኤሎይዝ ናት። ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜም ከሻርል እጅግ የምትበልጥ ሴት ስትሆን፣ የተፈለገችው ለገንዘቧ ነበር። ገንዘቧን በአደራ የያዘው ውል አዋዋይ ይዞት ጠፋ። ቤቷ በዕዳ የተያዘ፣ ሀብቷም እንደተወራው ያልነበረ መሆኑ ሲታወቅ አማቶቿ አዋረዷት፤ ብዙ ሳትቆይም ሞተች። ለዚህች ሴት መጽሐፉ ጥቂት ገጽ ብቻ ይሰጣታል። ሆኖም የኤማን ፍጻሜ አስቀድማ የምታመለክተው እሷ ናት፤ ዋጋዋ በወረቀት የተሰፈረ ሴት ወረቀቱ ሲቀደድ ዋጋ ታጣለችና።

ሦስተኛዋ ኤማ ናት። ስትፀንስ ወንድ ልጅ ተመኘች። ምክንያቷም ወንድ ቢያንስ ነፃ ነው፣ ሴት ግን በሕግም በሰውነቷም ታስራለች የሚል ነበር። የተወለደችው ሴት መሆኗን ስትሰማ ኅሊናዋን ሳተች። እንደ ዘመኗ ፈላስፋ ያልተማረችው ይህች የገበሬ ልጅ፣ የሴትን እስር በሕግ ቃል የምትገልጽበት ቦታ ይህ ነው።

ውክልናው

የሻርል አባት ሞተው ውርስ ሲመጣ፣ ነጋዴው ሌሮ ለኤማ አንድ ምክር ጣል አደረገላት፤ ከባሏ ውክልና ብታገኝ ሥራው ይቀልላታል አላት። ሌሮ የሕጉን ቀዳዳ አሳምሮ ያውቃል። ሚስት በራሷ ፊርማ ዋጋ ያለው ዕዳ ልትገባ አትችልም፤ የባሏን ውክልና ከያዘች ግን ፊርማዋ የባሏ ፊርማ ነው። ሻርልም አምኖ ፈቀደ። ኤማ ጉዳዩን ከሌዎን ጋር ልማከር ብላ ወደ ሩዋን ከተማ ሄደች፤ በዚያም ከውሽማዋ ጋር ሦስት ቀን ቆየች። ዝሙቱና ሰነዱ ከዚህ ላይ በአንድ ጉዞ ተጠላለፉ።

ከዚያ በኋላ አንዱ ሰነድ በሌላ ሰነድ ይታደሳል፤ ወለዱ ዋናውን ይውጣል። አንድ ጊዜ የሻርል እናት ነገሩ ሸቷቸው ውክልናው እሳት ውስጥ እንዲጣል አደረጉ። ሻርል ግን ኤማን ብዙ ለምኖ ሌላ ውክልና ሰጣት። ሁሉም ነገር ሲያልቅ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ 8000 ፍራንክ የሚል መጣ።

ንብረት መዝጋቢው ቤቷን ሲፈትሽ የሚታየው ትዕይንት ለእኔ ከዝሙቱ ገጾች ሁሉ የበለጠ ይከብደኛል። ሰውየው ሰገነቱ ላይ ያለውን ጠረጴዛ ከፍቶ የሮዶልፍን ደብዳቤዎች በእጁ ያነሣል። የሚፈልገው የወርቅ ገንዘብ ከመካከሉ ይወድቅ እንደሆነ ነው። የአንዲት ሴት ምሥጢር በሕግ ሰው እጅ ገባ፤ የሕግ ሰው ግን ለምሥጢሩ ደንታ አልሰጠም። ፒናር በፍርድ ቤት የሚያስጮኸው ኃጢአት በሐራጅ ሚዛን ላይ ምንም አልመዘነም።

ኤማ ገንዘብ ፍለጋ የምትዞርባቸው ደጆች ሁሉ የወንዶች ደጆች ናቸው። ውል አዋዋዩ ጊዮማን ገንዘቡን በገላዋ ሊለውጥ ፈለገ፤ ተቆጥታ ጥላው ወጣች። ሮዶልፍን 3000 ፍራንክ ለመነችው፤ የለኝም አላት። በዚህ ቦታ ዘማዊት የተባለችው ሴት ገላዋን አልሸጥም ስትል፣ ጨዋ የተባለው የሕግ ሰው ሊገዛ ሲደራደር እናያለን። ወደ አርሴኒኩ የሄደችው ከዚህ በኋላ ነው።

ኤማን በሴትነቷ ብቻ ነፃ ማውጣት ደግሞ ሌላ ንቀት ነው። በገዛ እጇ ፈርማለች፤ የሚወዳትን ሰው አታላለች። ከሁሉ የከፋው በደል የደረሰው በልጇ በቤርት ላይ ነው። ሻርልም ከሞተ በኋላ ለቤርት የተረፋት 12 ፍራንክ ከ75 ሳንቲም ነበር፤ እሱም ወደ አያቷ ለመጓዣ ዋለ። አያቷም በዚያው ዓመት ሞቱና ልጅቱ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆነች። ፍሎቤርም የሴቶች መብት ጠበቃ አልነበረም። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሕጉ ኤማን እንደ ልጅ አድርጎ ጠበቃት፣ ዕዳው ግን እንደ ትልቅ ሰው ያዛት። ሒሳብ ያላስተማራትን ሴት በሰው ስም እንድትፈርም በር የከፈተላት ያው ሕግ ነው።

ከፓሪስ እስከ አዲስ አበባ

ኤማ በምትፈርምበት ዘመን በእኛ አገር የነበረው ምን ይመስላል? የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ የነበሩትን የበጌምድር የመሬት ሰነዶች መርምሮ፣ ሴቶች የንብረት ባለቤትና ተሟጋች ሆነው በሰነዶቹ እንደሚገኙ አሳይቷል። አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት ያጠናው የርስት ሥርዓትም ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ፣ ሴት ልጅም ድርሻ የምትጠይቅበት ነበር። ይህን ስል ያለፈውን ማሞገሴ አይደለም። ድርሻዋን በተግባር የሚሟገትላት ብዙውን ጊዜ ወንድሟ ወይም ባሏ ነበር፤ የሚስት መታዘዝም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጸና ነው። ቢሆንም ሴት በስሟ መሬት መያዟ ለአገራችን ባላገር እንግዳ ነገር አልነበረም። ኤማ ያጣችው ያንን ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያረቁ የተጠሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። በአንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ነው፤ ሚስትም በሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባታል ይላል። መኖሪያውን የሚመርጠውና የጋራውን ሀብት በጠቅላላው የሚያስተዳድረው ባል ነው። ለእውነት ያህል፣ የእኛ ሕግ ለሚስት ከኤማ ሕግ የተሻለ ሰጥቷታል፤ ደመወዟንና የግል ንብረቷን አልወሰደባትም። ነገር ግን ፈረንሳይ ራሷ የሚስትን መታዘዝ ከሕጓ የፋቀችው በ1938 ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ እኛ በዘመናዊነት ስም በአዲስ ቀለም ጻፍነው።

ያ አንቀጽ ዐርባ ዓመት ኖረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጋብቻ ውስጥ እኩልነትን ከደነገገ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሻረው። ዛሬ የምንኖርባቸውም አገሮች ቢሆኑ በዚህ ነገር አይታበዩብንም። የፈረንሳይ ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ በስሟ የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት የተፈቀደላት በ1965 ነው። በአሜሪካም ብድር ሰጪዎች በፆታና በትዳር ምክንያት እንዳያዳሉ በሕግ የተከለከለው በ1974 ነው።

ሕግ ሲሻር ልማዱ አብሮ አይሻርም። በስደት ባለው ማኅበራችን ውስጥ የአንድ ትዳር መፍረስ ሲወራ ጆሯችን የሚቆመው ፒናር ከቆመበት ቦታ ላይ ነው፤ ማን ከማን ጋር ታየች እንላለን። ቤቱ በማን ስም ነው፣ ብድሩን ማን ፈረመ፣ ስትፈርም ወረቀቱን ተረጎመላት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዕዳ ከሜዳ አይመጣም፤ ከወረቀት ይመጣል። «ማዳም ቦቫሪ»ን ለሴት ልጆቻችን የምናስነብብ ከሆነ፣ ስለ ኃጢአት ደመወዝ ከመስበካችን በፊት ሌሮ ውክልና እንድታገኝ የመከረባቸውን ገጾች አብረናቸው ብናነብ ይጠቅማል። ለወንዶች ልጆቻችንም እንዲሁ። ሻርልም የፈረመውን ወረቀት አላነበበም፤ የከፈለውም እስከ ሞቱ ድረስ ነው።