የሐርትሃይም ሒሳብ

በ1945 (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ጦር መርማሪዎች በኦስትሪያ፣ ሊንዝ ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የሐርትሃይም ግንብ አንድ የስታቲስቲክስ ጥራዝ አገኙ። ጥራዙ 70,273 ሰዎች «በመጽዳታቸው» የጀርመን መንግሥት በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ885 ሚሊዮን ራይኽስማርክ በላይ እንደሚያተርፍ ያሰላል። የተረፈው ድንች፣ ዳቦና ማርማላታ ሳይቀር በኪሎ ተመዝግቧል። «የጸዱት» በጋዝ ታፍነው የተገደሉ የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞች ነበሩ።

ስሌቱ ናዚዎች ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት ተጀምሯል። የሕግ ሊቁ ካርል ቢንዲንግና የአእምሮ ሐኪሙ አልፍሬድ ሆኸ በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ «ለመኖር የማይገባው ሕይወት» እንዲወገድ ሲከራከሩ የእንክብካቤውን ወጪ እንደ ማስረጃ አቅርበዋል። በ1933 በወጣው ሕግ መሠረት ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ ተደረገ። በ1935 የታተመ የሒሳብ መማሪያ ደግሞ ተማሪውን ይጠይቃል፦ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ለመገንባት 6 ሚሊዮን ማርክ ከወጣ፣ በዚያ ገንዘብ እያንዳንዳቸው 15,000 ማርክ የሚያወጡ ስንት ቤቶች ይሠሩ ነበር? መልሱ 400 ነው። አንዱን ወጪ ከሌላው ማነጻጸር በራሱ ነውር የለበትም፤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የዕለት ሥራው ነው። እዚህ ግን ሕመምተኛው ደኅንነቱ ከሚቆጠርለት ሕዝብ ውስጥ የተሰረዘው ማካፈሉ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሂትለር በጥቅምት 1939 የፈረመው የግድያ ፈቃድ ጦርነቱ የፈነዳበትን ዕለት፣ መስከረም 1ን፣ እንዲይዝ ተደረገ። ቢሮው በርሊን፣ ቲርጋርተን ጎዳና ቁጥር 4 ላይ ነበር። ሆስፒታሎች በሚሞሉት ቅጽ ላይ ሕመምተኛው ምን ሥራ መሥራት እንደሚችል ይጠየቃል፤ ሰውየውን አይተውት የማያውቁ ሐኪሞች ቅጹን ብቻ አንብበው ለሞት በቀይ የመደመር፣ ለሕይወት በሰማያዊ የመቀነስ ምልክት ያደርጋሉ። ለቤተሰብ የሚላከው የሞት ማስረጃ ደግሞ ምክንያቱም ቀኑም ሐሰት ነበር። ቀኑ የሚገፋው ምስጢሩን ለመሸፈን ብቻ አልነበረም፦ ቢሮው ሟቹ በሕይወት እንዳለ አድርጎ ለእነዚያ ቀናት የእንክብካቤ ክፍያ ይሰበስብ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ አዳንሁ የሚለው መሥሪያ ቤት ከሙታን ስም ገንዘብ ይበላ ነበር ማለት ነው።

የሙንስተሩ ጳጳስ ፎን ጋለን ነሐሴ 3 ቀን 1941 በስብከታቸው፣ ፍሬያማ ያልሆነ ሰው የሚገደል ከሆነ ከጦር ሜዳ ቆስሎ የሚመለሰው ወታደርስ ምን ሊደረግ ነው ሲሉ ጠየቁ። ሂትለር በዚያው ወር በጋዝ መግደሉ እንዲቆም አዘዘ፤ በረሃብና በመድኃኒት መግደሉ ግን እስከ 1945 ቀጠለ። ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ወደ ቤልዜክ፣ ሶቢቦርና ትሬብሊንካ ተዛወሩ።

በግዳጅ የመከኑት በ1980 በምዕራብ ጀርመን ለአንድ ጊዜ 5,000 ማርክ እንዲሰጣቸው ተወሰነ። የጀርመን ፓርላማ እነርሱንና የተገደሉትን የናዚ ስደት ሰለባዎች ብሎ በይፋ ያወቃቸው በጥር 2025 ነው።