ዋንጫውን የተቀበለው አምበል

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሊጠናቀቅ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ግብፅ 2 ለ 1 ትመራለች። ግብፅ ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ ምን ዓይነት ባላጋራ እንደነበረች ማስታወስ ያሻል። በ1949 ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0 አሸንፋን ሁለቱንም የመጀመሪያ ዋንጫዎች ወስዳለች። በዚህኛውም ጨዋታ ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አድርጎ ሕዝቡ እልልታውን ሳይጨርስ በደዊ ለግብፅ ሁለተኛውን ግብ አገባ።

በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስቆጠረ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ አላነሣችም።

ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አሥመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ የጣሊያን ወታደር ነበር። ፋሺስቶች በ1932 ያወጡት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከለከለ፤ ኢታሎ የተወለደውም በዚያው ዘመን ነው። ልጆቹን ያሳደገችው እናት ናት። ጣሊያኖቹ እንደ ጥቁር ያዩአቸዋል፣ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ «የጣሊያን ዲቃላ» ይሏቸዋል። ሉቺያኖ በ1992 ገደማ በጣሊያንኛ ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» የሚል ርዕስ አለው። ስለ ኳሱም ሆነ ስለ ዋንጫው ከመናገሩ አስቀድሞ እናቱን ማንሣቱ፣ ለእኔ የሰውየውን ልብ ከግቦቹ ሁሉ አብልጦ ያሳየኛል።

በመካኒክነት እየሠራ ኳስ የጀመረው አሥመራ ውስጥ ክልሶች በሚጫወቱበት ቡድን ነው። በኋላ ወደ ድሬዳዋ መጥቶ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ለኮተን ተሰለፈ። ኮተን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደ ኃያል ቡድን ነበር። የድሬዳዋ ባቡር አዲስ አበባ የሚደርሰው አዋሽን አልፎ ስለሆነ፣ በእኛ በአዋሽ ሸለቆ በኩል የሚያልፈው የዚያ ዘመን መንገደኛ ስለ ኮተን ሳያወራ ይሄድ ነበር ብዬ አላምንም።

የቡድኑ ስም ከዚህ ሸለቆ ጋር የሚገናኝበት ሌላም ታሪክ አለ። ዋንጫው በተገኘበት በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በተንዳሆም የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ሰፊ የጥጥ እርሻ ያቋቋመው በዚያው ሰሞን ነው። ጥጥ ለድሬዳዋ የፋብሪካ ሥራና የኳስ ክብር ሲያመጣ፣ ለአፋር አርብቶ አደር ግን የወንዙን ዳር የበጋ ግጦሽ ወሰደበት። ሁለቱም እኩል እውነት ናቸውና አንዱን ስናወሳ ሌላውን መዝለል አይገባም።

ወደ ቡድኑ እንመለስ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እርሳቸውም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ፣ በኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩ ሰው ናቸው። ለፍጻሜው የደረሱት ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትተው ነው፤ ያም ጨዋታ 2 ለ 0 ከተመሩ በኋላ የተገለበጠ ነው። ከተሰለፉት መካከል ብዙዎቹ የአሥመራ ልጆች ነበሩ። ከአሥር ወር በኋላ፣ በኅዳር 1955፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ኤርትራ አንድ ጠቅላይ ግዛት ተደረገች፤ ከዚያ የመጣውን ጦርነት ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ቡድን በአንድ ማሊያ ያሰባሰባቸውን ሰዎች ሳስብ ያመኛል።

ሉቺያኖ በ1960 አዲስ አበባና አሥመራ ባስተናገዱት የአፍሪካ ዋንጫም ተጫውቷል፤ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ አራተኛ ወጣች። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑንም ይዟል። ከዚያ ደርግ መጣ። በ1970 ገደማ ዋንጫ ያመጣላትን ሀገር ጥሎ ለመሰደድ ተገደደ።

ዛሬ በጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ ላይ መኪናቸውን አቁመው ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ሲከራከሩ ሌሊቱን ያነጋሉ። ጨዋታውን ይወዱታል፣ ያውቁታልም። የሉቺያኖን ስም ግን ከወጣቶቹ መካከል የሚጠራ ማግኘት ይቸግራል። ጥፋቱን በእነርሱ ላይ አልጥልም። በ2005 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ ሀገር ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ጨፍሯል፤ ዋንጫውን አንሥቶ ያሳየን አምበል ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ።

የሚኖረው ሮም አጠገብ ባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ በኦስቲያ ነበር። እዚያም ወደ መካኒክነቱ ተመለሰ፤ ታዳጊዎችንም ኳስ አስተማረ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ፣ የድሬዳዋ፣ የአዋሽና የአሥመራ ልጆች ሊማሩት የሚገባውን ኳስ የኦስቲያ ልጆች ተማሩት።