ሽንኩርት ቀን አይሰጥም

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም ከተያዘ ሰንብቷል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኖም ሸዋ ሮቢት ገና አልቀዘቀዘችም። አጎቴ ማሳ ዳር አንድ አይሱዙ ቆሟል፤ ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱ በርቷል። በመብራቱ ፊት የሽንኩርት ልጣጭ እንደ ቢራቢሮ ይበራል። ጫኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ኬሻውን ይቀባበላሉ። አጎቴ ግን ፊታቸውን አዙረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አምስት ወር ተኩል የደከሙበት ሽንኩርት ሲጫን ማየት አልፈለጉም። "ምነው ጋሼ?" ብላቸው "ሚዛኑን አይቻለሁ ልጄ፣ እሱ ይበቃኛል" አሉኝ።

ለምን በቃቸው? እነግራችኋለሁ። ግን ከአገሩ ልጀምር፤ አገሩን ሳያውቁ ዋጋውን ማወቅ አይቻልም።

ሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሳ ተሳፋሪ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ጣሊያን ተራራውን ፈልፍሎ ያበጀውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ቆይቶ አርማንያን ሲያልፍ ጋቢውን ያወልቃል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ከ1,300 ሜትር አይበልጥም። ያ ሁሉ የደጋ ዝናብ ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ እየተባለ ወርዶ ወደ አዋሽ ሲሄድ የሚያልፈው በዚህ ሜዳ ነው። ሜዳው ያለበት ይፋት ውሃ የሚጠልፍ አገር ነው፤ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ተቀምጦ ስለ ይፋት የጻፈው አል-ዑመሪ ሙዝ፣ ሎሚና ሸንኮራ አገዳ እንደሚበቅልባት መዝግቧል። በአቅራቢያው ባለችው ሰንበቴ ላይ ዛሬም በየእሑዱ ቆለኛና ደገኛ፣ አፋርና አርጎባ፣ ኦሮሞና አማራ አንድ ገበያ ላይ ይገናኛል። አገሩ መሸጥና መግዛት ያውቃል ለማለት ነው። ነገሬን ያከበደውም ይኸው ነው፤ ገበያ የማያውቅ ሰው ቢከስር አይደንቅም። አጎቴ ግን ያውቃሉ።

አሁን ወደ መስከረም ልመልሳችሁ። ክረምት ለሽንኩርት ጠላት ነው። እርጥበቱ ቅጠሉን ያነደዋል፣ ጭቃው ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ መንገዱም ይበላሻል። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ ገበያው ይሳሳል። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ መስቀል ይከተላል። የዶሮ ወጥ ድስት ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚበላ ለእናንተ አልነግርም። ዋጋው ይወጣል። ያን ጊዜ ከሸዋ ሮቢት እስከ አታዬ ወሬው ሁሉ አንድ ነው፦ "ሽንኩርት ስንት ገባ?" የዘር ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ይያዛል። ቦምቤ ቀይ አለ? አዳማ ቀይስ? አምና ቲማቲም የተከለ ዘንድሮ ሽንኩርት ይላል፤ ማሽላ ያበቅል የነበረ መሬቱን ለሽንኩርት ያከራያል።

መስከረም ላይ መደብ ላይ የፈሰሰ ዘር ኅዳር ላይ ወደ ማሳ ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ውሃ ነው ሥራው። ተራው የሚያዘው በውሃ አባት ነው፤ ተራህ ሌሊት ከሆነ ሌሊት ትነሳለህ። አጎቴን ሳስብ የሚመጡብኝ ባትሪያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ አካፋ ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ቦይ ውስጥ ቆመው ነው። አንዱን ቦይ በጭቃ ይደፍናሉ፣ ሌላውን ይከፍታሉ፣ ውሃው ረድፍ ለረድፍ ሲገባ በድምፁ ብቻ ይለዩታል። "ሰማኸው? ጠጣ" ይሉኛል።

ሁሉም በአንድ ሰሞን ዘርቷልና ሁሉም በአንድ ሰሞን ይነቅላል። የካቲት መጨረሻ ይጀምራል፣ መጋቢት ይሞላል፣ ሚያዝያ ይተርፋል። አጎቴ አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እኛ የምንዘራው መስከረም ላይ በሰማነው ዋጋ ነው፤ የምንሸጠው ግን መጋቢት ላይ ነው።" እንጀራው ሳያልቅ ሌላ ወሬ ጀመሩ። እኔ ግን ያቺን ነገር ይዣት ቀረሁ፤ ዛሬ የማወራላችሁም በእሷ ምክንያት ነው።

ለማነጻጸር ማሾን ተመልከቱ። የቀወትና የኤፍራታና ግድም ወረዳ ገበሬ ማሾ ሲያመርት ኖሯል፤ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ላይ ገብቶ መገበያየት ጀመረ። ማሾ ዋጋው ሲወርድ በጆንያ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቅሃል። ሽንኩርት ግን ሥጋው ውሃ ነው። አንገቱን ከደፋ በኋላ መሬት ውስጥ ቢከርም ይበሰብሳል፣ የበልግ ዝናብ ካገኘው ደግሞ እንደገና ሥር ይሰዳል። ሽንኩርት ቀን አይሰጥም። ደላላውም ይህን ያውቃል።

ደላላ ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ኩንታል ሽንኩርት ከይፋት ማሳ ተነስቶ አዲስ አበባ ድስት ውስጥ እንዲገባ ገዢን ከሻጭ፣ መኪናን ከጫኝ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያውቀው እሱ ነው። ነገር ግን እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መኪናው በመጣበት ቀን ጠዋት አጎቴና ደላላው በስልክ ኪሎውን 18 ብር ተባብለው ነበር። ነቃዮቹ ከንጋት ጀምረው ነቅለው፣ አንገት ቆርጠው፣ ከምረው ውለዋል። የተነቀለ ሽንኩርት ወደ መሬት አይመለስም። ደላላው አመሻሽ ላይ መጣ፤ ልጅ እግር ነው፣ አጎቴን "አባባ" ይላቸዋል። ከክምሩ አናት አላነሳም። ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከመሀል አንድ ራስ አወጣ። አንገቱ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈና ጫን አለ። ጣቱ ትንሽ ገባ። ከኪሱ ቢላ አውጥቶ ለሁለት ከፈለው፤ መሀሉ መንታ ነው። ፈሳሹ እጁ ላይ ወረደ። በሱሪው ጠረገና "አባባ፣ ይሄ ውሃ ነው እኮ" አለ። "ሦስት ቀን አይቆይልኝም። 11።"

ክፉው ነገር ልጁ እውነቱን መናገሩ ነው። ሽንኩርት ሊነቀል ሁለት ሳምንት ግድም ሲቀረው ውሃ መቆም አለበት፤ ቅጠሉ ተጋድሞ፣ አንገቱ ጠውልጎ፣ ከተነቀለ በኋላም ጥላ ውስጥ ቆይቶ ልጣጩ ሲንኮሻኮሽ ነው የሚበረክተው። ዩሪያም ሲበዛበት አንገቱ ይወፍራል፣ የወፈረ አንገት አይዘጋም፣ ያልተዘጋ አንገት የብስባሽ በር ነው። አጎቴ ይህን አያጡትም። ግን ሚዛን የሚከፍለው ለክብደት ነው፤ ውሃ ደግሞ ይመዝናል። ጎረቤቱ ሁሉ እስከ መጨረሻው ቀን ሲያጠጣ እርሳቸው አድርቀው ቢያቀርቡ በኪሎ ይጎዳሉ እንጂ ማንም ስለ ደረቁ አይጨምርላቸውም። ስለዚህ እርሳቸውም አጠጡ። ጥራት የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ በስንፍና እንዳይመስላችሁ። ገበያው ለጥራት ሳይከፍል ቆይቶ ለጉድለቱ ሲቀንስ ገበሬ ምን ያድርግ? እኔ ሽንኩርት እዚህ አገር በሚዛን ብቻ እስከተሸጠ ድረስ ጥሩ ሽንኩርት ጠብቀን አናገኝም ባይ ነኝ።

አይሱዙው ሌሊቱን ጣርማ በርን ወጣ። ለምን ሌሊት? አዲስ አበባ ላይ የጅምላ ዋጋ የሚቆረጠው ንጋት ላይ ስለሆነ ነው። የዚያን ንጋት ከመቂና ከዝዋይ ስንት መኪና ገባ? ከፎገራስ? ከራያ ቆቦስ? ሸዋ ሮቢት ላይ ሆኖ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ወሬው በስልክ የሚደርሰው ለደላላው ነው። የጅምላ ገበያው ቦታ ራሱ ሲዘዋወር ከርሟል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ ለ2013 ጥምቀት ጃን ሜዳ መለቀቅ ስለነበረበት ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተሻገረ። ሽንኩርቱ ከዚያ ጉልት ሲደርስ ቸርቻሪዋ እትዬ የላይኛውን ልጣጭ በእጃቸው አሽተው ያራግፉታል፣ ቀይነቱ ይወጣል፣ ለስላሳውን ለብቻ መደብ ያደርጉታል። አጎቴ ያጡት 7 ብር የትኛው መንገድ ላይ እንደቀረ ልከተለው ሞክሬ አውቃለሁ። ጥቂቱ ለጫኝ፣ ጥቂቱ ለነዳጅ፣ ጥቂቱ በኬሻ ታፍኖ በበሰበሰው፣ የቀረው ደግሞ መጠበቅ በቻለ ሰው ኪስ ነው።

ስለ ቲማቲም አላወራሁም። ለእሱ ቀን እንኳ አይቆጠርለትም፣ ሰዓት ነው። ገና ፊቱ ሲቀላ ለቅመው በእንጨት ሣጥን ያጭቁታል፤ ከታች ያለው አዲስ አበባ ሳይደርስ ድልህ ይሆናል።

አሁን የዋጋውን ሌላ ፊት ላሳያችሁ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደረሰ። ኅዳር ችግኝ ከመደብ የሚነሳበት ወር መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ያን ዓመት መደብ ላይ የቀረው ችግኝ ብዙ ነበር። ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ሹር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሱዳንና የእኛ ድስት ምን ያገናኛቸዋል የሚል ካለ፣ በመተማ በኩል የሚገባው የሱዳን ሽንኩርት የእኛ ሲሳሳ ጉድለት ይሸፍን ነበር። እሱ ሳሳ። ክረምቱ ሲጨመር፣ በክልላችን በአማራ ግጭት ተነስቶ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ በ2016 መግቢያ አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር አለፈ። ሕንድ አገር፣ ያ ቦምቤ ቀይ ስሙን ባመጣበት አገር፣ ዴልሂ ላይ በ1998 እ.ኤ.አ. ሽንኩርት ጣራ ሲነካ ገዢው ፓርቲ ምርጫ ተሸንፏል። የእኛዋ እናት ደግሞ ለፍትፍቷ ግማሽ ራስ ቆርጣ ግማሹን ለነገ አሳደረች።

አጎቴ ያን ጊዜ ሀብታም ሆኑ ትሉኛላችሁ? መስከረም ላይ ማሳቸው ገና ዘር መደብ ነበር። የሚሸጡት አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር ያደረጉት። የግራር ቋሚ ተክለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ አበጅተው፣ ግድግዳውን በሸንበቆ ነፋስ እንዲያልፍበት አድርገው፣ ሣር ከደኑበት። ጎጆ የሚመስል ግን ሰው የማይኖርበት ቤት ሆነ። በቀጣዩ መጋቢት ከማሳው ጥግ ለይተው ውሃ ያቆሙበትን ሽንኩርት ነቅለው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው፣ 20 ኩንታል እዚያ አስገቡ። የቀረውን እንደ ወትሮው ለመኪና ሰጡ። ጎረቤት መጥቶ አየና "ዝንብ ልታረቡ ነው" ብሎ ሄደ።

በየሦስት ቀኑ ይገባሉ። አንድ በአንድ ያነሳሉ፣ አንገቱን ይጫናሉ፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። የለሰለሰውን ወደ ውጭ ይወረውራሉ፤ ፍየሎቹ በር ላይ ይጠብቃሉ። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት ገባ። ከ20ው ስንት እንደጎደለ ቆጥረው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የተወረወረው ትንሽ አልነበረም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። ሰማዩ ከደጋው በኩል ጠቁሯል፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሣሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አጎቴ ርብራቡ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ ራስ በእጃቸው ያገላብጣሉ። ልጣጩ ከጣታቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ስልካቸው ጠራ። ያው ልጅ ነው፤ ድምፁ ከእጃቸው አልፎ ይሰማኛል፦ "አባባ፣ አለ የተባለው እውነት ነው? መኪና ልላክ?"

አጎቴ ሽንኩርቱን ወደ ቦታው መለሱት።

"ሐሙስ ደውል" አሉት።