ከንፈር ተቆርጦ ያልዳነ ሱስ

ደብረ ታቦር ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መናገሻዎች አንዷ ነበረች። በንጉሡ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ ተከልክሎ ነበር። የውጭ አገር ተጓዦች እንደጻፉት፣ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር። ከቅጣቱ ጀርባ ያለው እምነት ዛሬም በየቤታችን አለ፦ ሱሰኛ የሚጎድለው ፍርሃት ነው፣ ከፈራ ይተዋል የሚል። ይህ እምነት ግን የሱስን ሥር አላገኘውም።

ሥሩን ፍለጋ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ፤ አንዳንዶቹ አይጦች ሽቦው የገባበትን ቦታ በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ማንሻ ሳያቋርጡ ይጫኑ ጀመር። በኋላ እንደታወቀው ኒኮቲንም አልኮልም ጫትም በየመንገዳቸው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍ እያደረጉ አንጎልን «ይህን ድገመው» ብለው ያስተምሩታል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ነው፦ በስትሮክ ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ከተጎዳባቸው አጫሾች ብዙዎቹ ያለ ትግል፣ ያለ አምሮት ማጨስ አቆሙ። እንግዲህ አምሮቱ ያደረው ቢላዋው ባረፈበት በከንፈርም በአፍንጫም አይደለም።

«ቅጣቱ ግን ስንቱን አስፈርቶ አስቀርቷል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ገና ያልጀመረውን ክልከላ ይጠብቀዋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላሉ ትምባሆ እንዳይሸጥ ማገዱም ለዚህ ይጠቅማል። የተያዘውን ግን አያድነውም። ሌላው ደግሞ «አንጎሉ ነው ካልን ከኃላፊነት ነፃ አወጣነው» ይላል። አላወጣነውም። በቬትናም ጦርነት ሄሮይን የለመዱ አሜሪካውያን ወታደሮች አገራቸው ሲመለሱ አብዛኞቹ ወደ ሱሱ አልተመለሱም፤ ቦታውና ባልንጀራው ሲለወጥ አምሮትን የሚቀሰቅሰው ነገር ይርቃል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ጸበል ገብቶ ከአረቄ ቤትና ከጠጪ ጓደኛ የራቀ ሰውም፣ ከእምነቱ ኃይል ጋር ይህን ጥቅም ያገኛል። ሐኪምና ጸበል የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ግን ቤተሰብ ሁሉ ይወቅ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥና ቅዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ቆልፋችሁበት ወይም አስራችሁ በአንድ ሌሊት ለማስቆም አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።